የአባባ ሱሪ እና የአንጀት ገበር

ለእህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ራስሽን፣ ወገብሽን፣ ያንን በበጋም የሚበርደውን እግርሽን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ ሰላምታዬን በየድርሻቸው አከፋፍዪልኝ። እኔ ከአንጀቴ በስተቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። አንጀቴም ቢሆን ካለፈው ወር ይሻለዋል፤ እሱም ሰላም ብሎሻል።

አሁን ተቀመጪ፤ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ ነው። አባባ ለአንጀቴ ብለው ጠዋት ጠዋት የሚያዘጋጁልኝን መድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለችው አበባ ስትጠጣልኝ ከርማለች። የኔ ድርሻ ብርጭቆውን ማዘንበል ብቻ ነው። አበባዋ ደግሞ መሞት ሲገባት ቅጠሏ ፈርጥሞ መስኮቱን ልትዘጋው ነው። አክስታችን ጎረቤት በመጣ ቁጥር እጄ ለተክል በረከት አለው እያለች ታሳያቸዋለች። ምን ልበላት? አበባዋ አንጀት ቢኖራት ኖሮ ይሄኔ ድና ነበር።

መድኃኒቱን ታውቂዋለሽ። ተልባው ውሃ ውስጥ አድሮ ይዝለገለጋል፤ የእሬት ውስጡ ተፍቆ ይገባበታል፤ ከዚያ አባባ ስሟን ለማንም የማይናገሩላት ያቺ መራራ ሥር ተወቅጣ ትነሰነስበታለች። ልብስ ስፌት ቤታቸው ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሆዴን ካለ፣ ከነሱሪው አንድ ጠርሙስ ተሸክሞ ይወጣል። ስብከቱንም ሰምቶ ነው የሚወጣው፦ አንጀት ማለት ኮት ነው፣ ውስጡ ገበር አለው፣ ገበሩ ከተበላ ላዩን ብትተኩሰው ምን ሊረባህ፣ ይሄ መድኃኒት ገበሩን መልሶ ይጠግነዋል። መቀሱን እያወዛወዙ ሲሉት ደግሞ ያምርባቸዋል፤ አልዋሽም።

ሀኪም ቤት ያየችኝ ሀኪም ግን የአንጀትሽ የውስጥ ሽፋን ቆስሏል፣ ተልባው አይጎዳሽም፣ ሥሯን ግን ምንነቷን ሳላውቅ እሺ አልልም አለችኝ። ይህን እቤት ስናገር ጉባኤ ተጠራ። እኔም የሥሯን ስም ካልነገሩኝ ጠብታ አልቀምስም አልኩ። አባባ ወደ ስፌት መኪናቸው ዞሩ። አክስታችን ግን ምላስሽ ይቆረጥ ብላ ጮኸች። ቢቆረጥማ ምሬቱ አይሰማኝም፣ ያኔ እናስብበታለን አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርጭቆውን ይዛ ከፊቴ ትቆማለች፤ ጀርባዋን ስትሰጠኝ አበባዋ ተራዋን ትጠጣለች።

እህትዓለም፣ እስካሁን ያለው ያው እንደለመድሽው ልፍለፋ ነው። አሁን የምጽፍልሽን ግን ስቀሽ እንዳታልፊው።

አባባ ራሳቸው ቀድመው ሳይጠጡ ለበሽተኛ ሰጥተው አያውቁም፤ አይደል? በሽተኛው እያያቸው አንድ ሲኒ ጭልጥ አድርገው፣ ይኸው፣ እኔ ከሞትኩ አትጠጣ ይሉታል። ሰሞኑን ሲኒውን ያነሳሉ፣ ፂማቸውን ብቻ ያረጥባሉ፣ ይመልሱታል። ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን የማጭበርበር ባለሙያ ስለሆንኩ ሌላ አጭበርባሪ አያመልጠኝም። ደግሞ መኪናው ላይ ሲሰፉ በድንገት ያቆሙና ጡጫቸውን ከእምብርታቸው በታች አድርገው እጥፍ ይላሉ። ያንን መታጠፍ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነበር።

አክስታችን አባባ ቀጠን ብለው አማረባቸው፣ ሱሪያቸው እንዴት ልክክ ይላል ትላለች። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልተኩስላቸው ብዬ ሱሪያቸውን ገለበጥኩት። ከወገቡ ኋላ ስፌት አለ። ከስፌቱ ጎን ሌላ ስፌት አለ። ከእሱ ጎን ደግሞ ሌላ፣ የክሩ ቀለም እየተለያየ። በከሱ ቁጥር ማታ ማታ የሱሪያቸውን ወገብ ሲያጠብቡ ኖረዋል። ታውቂያለሽ፣ ቀበቶ ታጥቀው አያውቁም፤ ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀበቶ የታጠቀ ልክ አያውቅም ማለት ነው ብለው ይንቁታል። ለካ ኩራታቸው መደበቂያም ሆኗቸዋል። የተተኮሰው ላዩ ነው፤ ገበሩን ማንም አላየ።

ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ለቀጠሮዬ ስሄድ አብረውኝ ይምጡ፣ ሀኪሟ እርስዎንም ትይዎት አልኳቸው። አንቺ ቁንጫ፣ የራስሽን ብርጭቆ ጠጪ አሉኝ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ እኔ ሀኪም ቤት ወረፋ ይዤ ከታየሁ ነገ ያቺን ጠርሙስ ማን በእጁ ይነካታል አሉኝ። ለአክስትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ ብለው አስማሉኝ። ማልኩ። መሐላዬንም አላፈረስኩም፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ምላጭ ግን ቃል አይደለም። ትናንት እሳቸው ደንበኛ ሲለኩ፣ ያሏቸውን ሱሪዎች በሙሉ አውጥቼ እያንዳንዱን የማጥበቢያ ስፌት ተረተርኩት፤ የለበሱትን ደግሞ ማታ ሲተኙ። የሱሪዎቹ ወገብ ሁሉ ወደ ድሮው ልክ ተመልሷል። ዛሬ የትኛውንም ቢለብሱ፣ ጓዳ ያለችው አክስታችን ቀርቶ አበባዋም ሳታያቸው አታልፍም። ባለጌ ይበሉኝ። ከቤቴ ውጪ ይበሉኝ። ሽማግሌ አላከብር አለች ብሎ የፈለገ ይምከረኝ፤ ቁጭ ብዬ እሰማና በነጋታው እንደገና እተረትራለሁ። የሰውን ሁሉ ገበር እየጠገኑ የራሳቸው ሲበላ እጄን አጣጥፌ አላይም።

ቀጠሮዬ ዛሬ ነው፤ ጫማዬን አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። አክስታችን ደውላ ከከሰሰችኝ ከኔ ጎን ቁሚ። ጤናው፣ እንቅልፉ፣ ሳቁ ይብዛልሽ፤ እግርሽ ይሙቅ፤ የኔ ዓይነት ታናሽ ለጠላትሽ ይስጥልሽ።

ያቺው ምላሰኛ ታናሽሽ

ቆይ፣ አላሸግኩትም። ከመኝታ ቤት ቁንጫ! ብለው ጠሩኝ። መጻፌን ቀጠልኩ። ራሳቸው መጡ፤ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ቆመዋል። ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አይተውታል። እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ቁንጫ አሉኝ። መርፌና ክር አምጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ቀበቶሽን አውሺኝ፣ መንገድ ላይ እንዳልዋረድ አሉኝ።