ስድስቱ ጥቁር ፎቶዎች

አብዬ፣

እኔ ልጅህ ከድጃ፣ አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የጋሼ ሙሄን ፎቶ ሦስቱንም አጥፍቻለሁ። በልጁ ሠርግ ላይ ኮቱን ደርቦ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትንፋሹን ይዞ የተነሳቸውን። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ፊቱ እየቀላ ነው የሄደው። አራተኛ ብታነሳው ኖሮ ካንተ ቀድሞ ይቀበር ነበር።

ከሄድክ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ጋሼ ሙሄ አንተን፣ ሟች ወንድሙን፣ "እሳቸው" ማለት ጀምሯል፤ እኛም እንደዚያ እንድንል ይፈልጋል። በሕይወትህ አንተ ስልህ ኖሬ፣ ጥለኸን ስለሄድክ ማዕረግ አልጨምርልህም።

የቤቱን ልንገርህ። ስቱዲዮህ አሁን ሳሙናና ዘይት ይሸጥበታል። ፏፏቴና ነጫጭ ወፎች የተሳሉበት፣ የስንቱን ሙሽራ ጀርባ ያሳመርክበት መጋረጃ የማድቤታችን በር ሆኗል። ወጥ ላማስል ስገባ በፏፏቴ መሃል አልፌ ነው። አንዷን ወፍ ጥላሸት በልቷታል። ጋሼ ሙሄ ከጎን ካለው ቤቱ በየቀኑ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይመጣና ወንበርህ ላይ ይቀመጣል። ጃኬትህንም ወስዶታል፤ ዚፑ አልዘጋለት ብሏል፣ ደስ ብሎኛል።

እማ ደግሞ ፎቶህን ፈልጋ ቤቱን ገለባበጠችው። የሐይቅ ከተማን ሰው ግማሹን ያነሳህ ሰውዬ አንድ ፎቶ የለህም። በመጨረሻ የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ አሳድጋ አሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የቀበሌው ሐምራዊ ማኅተም ግራ ጉንጭህ ላይ አርፏል፤ ተፈርዶበት የወጣ ሰው ትመስላለህ። እሷ ጠዋት ጠዋት ታወራሃለች። እኔ የማየው ማኅተሙን ነው።

ካሜራህ ከሞትክ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጋሼ ሙሄ ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ ይንጎራደዳል፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት የተረከበ ይመስል። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ካሜራው ለልጁ ባል እንዲሰጥ መወሰኑን አበሰረን። ሙሽራው ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ሊከፍት ነው። እኔ እፈልገዋለሁ አልኩ። ሴት ልጅ ካሜራ አንግታ ሠርግ ለሠርግ አትዞርም አለኝ፤ ያንተን ስም እንዳላሰድብም መከረኝ። እማ መሬት መሬት አየች። ሙሽራው ዛሬ ጠዋት ሊወስደው ይመጣል። ለኔ የቀረኝ ትናንት ማታ ብቻ ነበር።

ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው፤ የሳጥኑ ማጠፊያ ግን በአራት ብሎን ነው የተያዘው። ያንን ያሰበ ሽማግሌ የለም። ከሰዓት በቢላዋ ጫፍ ፈታሁትና ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩ። ሲመሽ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ሲራገም እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከአምባሰል በኩል ያለው ሰማይ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ለምን ሰማይ እንደመረጥኩ አንተ ታውቃለህ። ስለ ኮከቦች ተምረን ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ አንድ ኮከብ አንሳልኝ ብዬ የለመንኩህ ቀን፣ ስቱዲዮው በደንበኛ ሞልቶ ነበር። "ሠርጉ መቼ ነው?" አልከኝ። ሁሉም ሳቁ። ጉልበቷ አልታዘዝ ያላት አንዲት አሮጊት እንኳ ከትከት አለች። እኔም በሰው ፊት "ስለማትችል ነው" አልኩህ። ከዚያ ስምንት ቀን አላናገርኩህም። በዘጠነኛው ታመምክ፣ በሦስተኛ ቀኑ ቀበሩህ። ስንብታችን ይኸው ነው።

የካሜራ ስታንድህ እግሩ እንደተሰበረ ስለሆነ ሙቀጫውን ጓሮ አውጥቼ ካሜራውን አፉ ላይ አጋደምኩት። ማንሻውን ብጫነው ሜሞሪው ሞልቷል አለኝ። ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሬ ማየት ያዝኩ። አራት መቶ የሚሆን የጋሼ ሙሄ ልጅ የሠርግ ፎቶ ነው። በዚያ ሠርግ ሦስት ቀን ትሪ ተሸክሜያለሁ፤ ከዚያ ሁሉ የኔ ድርሻ አንድ ክርን ነው። ዒድ በመጣ ቁጥር አንሳን ስንልህ ባትሪው ለሥራ ነው፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ትላለህ። ተናደድኩና የጋሼ ሙሄን ሦስቱን አጠፋሁ። ሦስት ቦታ ተገኘልኝ።

በመጀመሪያው ፍላሹን ማጥፋት ረሳሁ። ጓሮው እንደ ቀን ቦግ ሲል ጎረቤታችን አባ ይመር ከደጃፋቸው መብረቅ አሉ። ጥርት ብሎ ኮከብ በሞላው ሰማይ። ቆርቆሮ ላይ ያሰጡት በርበሬ ሊበሰብስ ነው ብለው የእጅ ባትሪ ይዘው መሰላል ወጡ። እኔ ደንግጬ ሌንሱን ከደንኩት፤ ሁለተኛውን ክዳኑን ሳልነሳ አነሳሁ። ሦስተኛው ክዳን የለውም፣ ግን ቶሎ ተዘጋ። ሦስቱም ከሰል ናቸው።

አሁን የምነግርህን ከላይ ካመንኩት ጋር አትደምረው። ያ ቀልድ ነበር።

ቦታ ለማግኘት ጥቋቁሮቹን ማጥፋት ጀመርኩ። ከመጨረሻው ወደ ኋላ፣ ጥቁር፣ አጥፋ፣ ጥቁር፣ አጥፋ። በራሴ ተናድጄ ስለነበር አልቆጠርኩም። እጄ የቆመው አንዱ ፍጹም ጥቁር ባለመሆኑ ነው። አራት አምስት ነጠብጣብ አለው፣ ተንቀጥቅጦ ትል የመሰለ። ከታች የሙቀጫው አፍ ጠርዝ ይታያል። ይኸው ሙቀጫ። ቀኑን አየሁት። ከተጣላን በሦስተኛው ማታ ነው።

በፎቶዎቹ ተራ ቁጥር ቆጠርኩት፦ ዘጠኝ አጥፍቻለሁ አብዬ። ሦስቱ የኔ ነበሩ።

ወጥተህ ሞክረሃል። እዚሁ ጓሮ፣ እኔ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ሳለ፣ ሰባት ጊዜ። ከዚያም አምስት ቀን ሙሉ አጠገቤ እየበላህ ዝም አልክ። አልቻልኩበትም ማለት ሞት ሆነብህ? ብትነግረኝ ፍላሹን አጥፋ፣ ብዙ ሴኮንድ ክፍት ይሁን እልህ ነበር፤ ስልክ ላይ በቪዲዮ አይቼው ነበር። የሠርገኛ ጥርስ አራት መቶ ጊዜ ስታስቀምጥ፣ ለኔ ብለህ ያደረግካትን አንዲት ነገር ከቆሻሻ ጋር እንድጠርጋት ተውክልኝ። ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔ ጣቴን ብቻ ነው ያዋጣሁት።

ካለቀስኩ በኋላ አንድ አነሳሁ። ካሜራው ራሱ እንዲያነሳ ሁለት ሴኮንድ ሰጠሁት፣ ሠላሳ ሴኮንድ ክፍት አደረግኩት፣ ትንፋሼን እንደ ጋሼ ሙሄ ያዝኩ። ኮከቦቹ ወጡ፤ ብዛታቸው ያስፈራል። ግን በታች በኩል የአባ ይመር ባትሪ በርበሬ ለበርበሬ እየዞረ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ መስመር አስምሮበታል። የኔም ተበላሽቷል ማለት ነው። ያንተ ትል፣ የኔ መስመር፣ ጎን ለጎን ናቸው።

ካሜራውን ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ፤ ሙሽራው ይውሰደው። ሜሞሪው ግን ካልሲዬ ውስጥ ነው። የጠፋ ፎቶ የሚመልሱ ልጆች ደሴ አሉ ይባላል። ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ሳልጠይቅ ግን አልተወውም። አላህ ምሕረቱን ይስጥህ። እኔ ገና አልሰጠሁህም። ደግሞም አልረሳህም፣ በፍቅር ብቻ እንዳይመስልህ፣ በእልህ ነው። ሰማይ በጠራ ማታ ሁሉ ሙቀጫውን አወጣለሁ፤ ካሜራ ባይኖረኝም አወጣለሁ፤ አንተ ያነሳሃትን የሰማይ ስፍራ እያየሁ የጠፉትን ስድስቱን እቆጥርብሃለሁ።

ይህን የምጽፈው ከፏፏቴው ጀርባ፣ ማድቤት ቁጭ ብዬ ነው። ነግቷል። ጋሼ ሙሄ ገብቷል፣ ሙሽራውም ጫማውን ሲያወልቅ ሰማሁ። ቁልፉ ሲንቃጨል ይሰማኛል፤ ቢስሚላህ ብሎ ከፈተ።

አብዬ፣ ደብተሬ ላይ አንድ ብሎን አለ። ከአራቱ አንዱን አልመለስኩትም፤ ሦስቱንም በጨለማ በጣቴ ብቻ ነው ያዞርኳቸው።

የሳጥኑ ክዳን መሬት ሲወድቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

"ከድጃ!"