ሸሽተናል፣ ይቅርታ ግን አንጠይቅም

አስራቴ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ይህን ጥያቄ ከሚመልሱት ወገን ወጥተሃል። ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሙት ዓመትህን ባለፈው ወር አወጣን። የመርሳ ሰው ሁሉ መጥቶ በላ፣ ያገዱህም ጭምር። እነሱማ ደህና አድርገው በሉ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ማንጎው ዘንድሮ አፍርቷል። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ራስህን ያስተማርክበትን የግሪክኛ መዝገበ ቃላት አይጥ ከአልፋ ጀምራ እየበላችው ነው። ዕብራይስጡን አልነካችም፤ ከየት እንደሚጀመር የጠፋት ይመስለኛል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቅሬው፣ ስለ ዕድራችን ነው። ክርስቲያኑንም እስላሙንም እኩል የሚቀብረው ቅሬያችን፣ በሕይወት ያለውን እኩል ማየት አቅቶታል።

ጦርነቱ መርሳ የደረሰ ጊዜ ግማሹ መንደር ሸሸ፣ ግማሹ ቀረ። በዚያ መሀል አንድ አባል ሞተ፤ የቀሩት ቀበሩት። ስንመለስ የቅሬው ዳኛ ይመር ደንቡን አወጣ፦ ከቀብር የቀረ ሰው ስብሰባ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ደንቡ ለለቅሶ ሰነፍ የተጻፈ ነው፣ መድፍ አያውቅም። ሰዉ ተራ በተራ እየተነሳ ይቅርታ አለ። ያንተ ተራ ሲደርስ እኔ ስለማውቅህ አንገቴን ደፋሁ።

«ባራሕ» ብለህ በዕብራይስጡ ጀመርክ። ከሰው እጅ ማምለጥ ነው፣ ሙሴ ከፈርዖን፣ ዳዊት ከሳኦል ሲሸሹ የተጻፈው በዚህ ቃል ነው አልክ። «ኑስ» ደግሞ እግሬ አውጪኝ ማለት ነው፤ ዮሴፍ ልብሱን ጥሎ የሮጠበት፣ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋም ወደ መማፀኛ ከተማ የሚሮጥበት። እግዚአብሔር ለሚሸሽ ሰው ከተማ ለይቷል፣ መንገዱንም አዘጋጁለት ብሏል አልክ። ከዚያ ግሪኩ ውስጥ ገባህ። ሄሮድስ ሕፃኑን ሲፈልግ መልአኩ ለአረጋዊው ዮሴፍ የነገረው «ፌውጌ» ብሎ ነው፣ ሽሽ ማለት ነው። «ለዚያ ሽሽት በጽጌ እንጾማለን፣ ማኅሌት እንቆማለን። ለእኛው ሽሽት ግን ይቅርታ በሉ ተባልን» አልክ።

ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ይህን ሁሉ ቋንቋ ከምታመጣ ባማርኛ ይቅርታ ብትል አያጥርም?» አለህ። ቤቱ ሳቀ። «በሦስቱም አልልም» ብለህ ተቀመጥክ። ቅሬውም ይቅርታ እስክትል ብሎ አገደህ።

እንደታገድክ ሞትክ። የቅሬው ድንኳን የመጣው ከቀብር ከተመለስን በኋላ ነው። ጎረቤቶችህ ግን ደንቡን ሳይጠይቁ ቆፈሩልህ።

አሁን እገዳው ለእኔ ተላልፏል። ካወረስከኝ ዕቃ ሁሉ ሳይበላሽ የቆየ እሱ ነው። ባንተ ፈንታ ይቅርታ ካልጠየቅሁ የቤታችን ስም ይሰረዛል፤ ስሞት ቅሬው አይወጣልኝም። ልጃችን ከወልድያ እየደወለች «እማ፣ አንድ ቃል ናት፣ ብለሻት ተገላገይ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አንድ ቃል ናት።

ግን ያን ቀን አየዋለሁ። የይመርን እናት፣ እማማ ጦይባን፣ ከገበያ ባመጣኸው የእጅ ጋሪ ጭነህ በማሳው መሀል ወደ ውርጌሳ ስትገፋ። ይመር ቤት ሊጠብቅ ቀርቶ ነበር። ጋሪው በዘለለ ቁጥር እማማ «አንተ ልጅ፣ ከጥይት አውጥተህ በድንጋይ ልትፈጀኝ ነው?» ይሉሃል። አንተ ደግሞ ላብህን እየጠረግህ፣ መንገዱን አዘጋጁ የተባለው ትእዛዝ ሀብሩ ወረዳ እንዳልደረሰ ታስረዳቸዋለህ።

እሑድ ስብሰባው ፊት ቆምኩ። «ሸሽተናል። የሸሸነው ለመኖር ነው፣ ኖረናልም። ይቅርታ የለኝም» አልኩ። ይመር «እትዬ ብርቄ፣ ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው» አለ። ያኔ እማማ ጦይባ ከጥግ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ይመር፣ የእኛ ዓመት እኮ የሚቆጠረው ከሂጅራ ነው። ነቢያችን ከመካ ከወጡበት። መውጣት ነውር ቢሆን ከየት እንቆጥር ነበር? ደግሞ እኔም ከዚያ ቀብር ቀርቻለሁ። መጀመሪያ እኔን ሰርዝ» አሉት።

ይመር ደንቡን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ። እናት የሚሰረዝበት አንቀጽ አላገኘም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

በሚቀጥለው ወርም እሄዳለሁ። ከሰረዙኝም እንደተሰረዝኩ እሄዳለሁ። ሌላው ሙቱን በፎቶና በሻማ ያስታውስ። እኔ አንተን የማስታውስህ በየወሩ ሰው ፊት ቆሜ ያችን አንድ ቃል ሳልላት በመቀመጥ ነው። ዕድሜ ከሰጠኝ ብዙ ወር አስታውስሃለሁ።

ያንተዋ ብርቄ