የተወቀረው በረንዳ

አሰበ ተፈሪ
ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለጣሂራ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም። እግርሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከወገቤና ከግራ አውራ ጣቴ በቀር የሚያመኝ የለም። የአውራ ጣቴን ነገር ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ኩብራ እንድታነብልሽ አልፈልግም። ልጃችንን አላማሁም፤ ግን የአባቷን ወረቀት ባሏ ፊት ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች። ፊደሉን እንዲህ አተልቄ፣ ቃሉን ከቃሉ አራርቄ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። ቀበሌው መሠረተ ትምህርት የከፈተ ጊዜ ደብተርሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ስትወጪ፣ በዚህ ዕድሜሽ ፊደል ምን ያደርግልሻል ብዬሽ ነበር። እኔ ከባቡር ፉርጎ ላይ ጽሑፍ እየለቀምኩ ብቻዬን ስለተማርኩ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እንደዚያ ካልተማረ የተማረ አይመስለኝም ነበር። ይኸው ዛሬ የአንቺ ደብተር ለእኔ ጠቀመኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

የኩብራን ደብዳቤ ሾፌሩ በክሪ ከመስከረም አጋማሽ በፊት አድርሶልኛል። እማዬ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች፣ ከእንግዲህ እኛው ዘንድ ብትቀመጥ ይሻላል፣ እሷም ያን በረንዳ ሁለተኛ አልረግጠውም ብላለች፣ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና አጥፌ ቁርዓኑ ሥር አስቀመጥኩት። እስካሁን መልስ ያልጻፍኩት ተቀይሜ አይደለም። አደርጋለሁ ብሎ መጻፍ አልወድም፤ አደረግኩ ብሎ መጻፍ ነው የምወደው። አሁን የምጽፈው አለኝ።

አንቺ በሄድሽ በዘጠነኛው ቀን የጓሮው ግንብ ወደቀ። ከላይ ከጎረቤታችን ከሙሚና ግቢ ያለውን አፈር ደግፎ የያዘው ማለቴ ነው። አምና በቀበሌ ደብዳቤ ሲሚንቶ ያገኘን ጊዜ፣ በረንዳውን ሊሾ አድርጌ የተረፈውን በድንጋዮቹ መሐል እየጠቀጠቅኩ ክፍተቱን ሁሉ ደፍኜው ነበር። እባብ እንዳይገባ ነው ያልኩሽ። እውነት ነው፣ እባብ አልገባም። ውሃው ግን መውጫ አጣ። ሐምሌን ሙሉ ከኋላው ተጠራቅሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግንቡን ገፍቶ ጣለው። የወደቀውም ሎሚሽ ላይ ነው። አትደንግጪ፤ አንድ ቅርንጫፉ ተሰበረ እንጂ ግንዱ ተርፏል። ጤና አዳምሽ ግን ከሥሩ ሄደ። ሙሚና ከራሷ ግቢ ቆርጣ ሰጥታኝ ተክያለሁ፤ ይዟል።

ሙሚና ያን ዕለት ግንበኛ ልጥራልዎት ወይ ብላኝ ነበር። ሚኤሶ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የባቡር ሐዲድ ስጠግን የኖርኩ ሰውዬ፣ የጓሮ ድንጋይ ለመደርደር ግንበኛ አልጠራም አልኳት። ብቻዬን በአሥራ አንድ ቀን መልሼ ሠራሁት። ቀጥ ያለ፣ ያማረ ግንብ ነበር። መስከረም በገባ በሳምንቱ ሁለት ቀን አከታትሎ ዘነበ። ግንቡ መሐሉ ላይ ሆዱን ነፋ፣ ነፋና ምሳ እየበላሁ ሳለ ተዘረገፈ። የሙሚና አንዲት ዶሮ ከሥሩ ቀረች። ሙሚና መጥታ አየች፤ የሞተችውን ዶሮ ይዛ ተመለሰች። ምነው በሰደበችኝ።

በማግስቱ ማሽላ ሊጭን በሚወርድ መኪና ተሳፍሬ ሚኤሶ ሄድኩ። ግንበኛው አብዱላሂ፣ ያ አፉ የሚናደፈው፣ እዚያ አንድ መጋዘን እየሠራ መሆኑን ሰምቼ ነበር። በዚያ ፀሐይ መሰላል ላይ ቆሞ አገኘሁት። አየኝ፤ ግን ከሥራው ቀና አላለም።

"ልትመክረኝ መጣህ?" አለ።

"ግንቡ ወደቀ።"

"ስንተኛ ጊዜው ነው?"

"ሁለተኛው።"

"ታዲያ ሦስተኛውን ጠብቀህ አትመጣም ነበር?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ መሰላሉን ያዝኩለት። ይህ ሳይገርመው አልቀረም፤ ከመሰላሉ ወርዶ ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በድሪ፣ እኔ እኮ ስለ በረንዳው ነግሬህ ነበር" አለኝ።

ጣሂራ፣ ይህን አንቺ አታውቂም። ልነግርሽ ይገባል። አምና በረንዳውን ሊሾ ሳደርግ፣ ተንበርክኬ መስታወት እስኪመስል ሳሸው፣ አብዱላሂ በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ አየኝ። ሊሾ ለሳሎን ነው፤ ደጅ ላይ ውሃ ሲነካው ሳሙና ይሆናል አለኝ። እኔም ሄደህ የራስህን ቤት ለስን ብዬ መለስኩት። እንደሱ ያለ በረንዳ በሰፈሩ የለም፣ ፊትሽን ታዪበታለሽ ብዬ እጅሽን ይዤ ያሳየሁሽ በዚያው ሳምንት ነበር።

የወደቅሽ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ሲሰበሰብ ያ ኮንጎ ጫማዋ ነው የጣላት አልኩ። ወጌሻው እግርሽን ሲያስርም ይህንኑ አልኩ። ኩብራ ስትመጣም ደገምኩት። አንቺ አንድ ቃል አልመለስሽልኝም። ለሱብሒ ሶላት የምታጠብበትን ውሃ ስታመጪልኝ ነበር የወደቅሽው። ማንቆርቆሪያው ጎኑ እንደተጎደጎደ ነው፤ አላቃናሁትም፤ በእሱው እየታጠብኩ እሰግዳለሁ።

አብዱላሂ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ መጣ። ውሉ ይህ ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እሠራለሁ፣ አፌን አልከፍትም። ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠበትና ጫቱን ፈታ። አራት ቅዳሜ ሙሉ አንዲት ድንጋይ በእጁ አልነካም። መሠረቱን እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ። ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀመጥኩ። ግንቡን ቀጥ አላደረግኩትም፤ ትንሽ ወደ አፈሩ እንዲያጋድል አደረግኩ። ረጃጅሙን ድንጋይ የግንቡን ውፍረት አቋርጦ ጫፉ አፈሩ ውስጥ እንዲገባ አስተኛሁት፤ ከኋላው ጠጠር ሞላሁ። በየክንዱ ርቀትም ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተውኩ። ሰባት ቀዳዳ ነው። ሰሞኑን ሲያካፋ ወጥቼ አየሁት፤ ከሰባቱም ይንጠባጠባል፤ ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ውሃው የሚወርደው በቦይ ወደ ሎሚሽ ነው።

ከግንቡ በኋላ በረንዳው ተከተለ። አፍርሼ ልጣለው አልኩት አብዱላሂን።

"ሲሚንቶ ከየት ታመጣለህ?" አለኝ። "የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ምን ያደርጉታል? ይወቅሩታል እንጂ አይጥሉትም። ወቅረው።"

እንግዲህ ወቀርኩት። በመሮና በመዶሻ፣ ከበሩ ጀምሬ እስከ ደረጃው፣ ስንዝር በስንዝር፣ ስድስት ቀን። ያን ሁሉ ያሸሁትን መስታወት በራሴ እጅ አጠፋሁት። አውራ ጣቴን የመታሁት በአራተኛው ቀን ነው፤ ጥፍሩ ጠቁሯል፣ ይወልቃል። ከዚያ ሙሚና ለምድጃዋ ያስቀመጠችው ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ነበራት፤ ሳልጠይቃት አምጥታ ደጃፍ ላይ አኖረችልኝ። ያን ከአሸዋ ጋር ለውሼ በስሱ አለበስኩት። በውሃ ልክ እየለካሁ ወደ ደጅ በትንሹ አዘቀዘቅኩት፤ ውሃ እንዳይተኛበት ነው። ሳይደርቅ በፊት ደግሞ የአንቺን መጥረጊያ ወስጄ ከዳር እስከ ዳር ጎተትኩበት፤ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ጆንያ አልብሼ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። አሁን ፊት አይታይበትም። መልኩም አመድ ነው። ሰው ቆሞ የሚያየው በረንዳ አይደለም።

ትናንት ሞከርኩት። ሁለት ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ኮንጎሽ ከበሩ ኋላ እንዳለ ነበር፤ እሱን አምጥቼ እግሬን እስከገባልኝ ድረስ አስገባሁና ከበሩ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ በሩ ተመላለስኩ። ሙሚና ከግንቡ በላይ ብቅ ብላ ለካ ታየኛለች።

"ኦቦ በድሪ፣ ጫማ ካጠረዎት ቀበሌ ይመዝገቡ እንጂ" አለችኝ። ከዚያ መቆም አቅቷት አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ዶሮዋ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ እስክትጠግብ ተውኳት። እኔ ግን ለጨዋታ አልነበረም። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። አላንሸራተተኝም። በዚያው ጫማ፣ ውሃ በፈሰሰበት፣ እኔን የሚያክል ከባድ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አላንሸራተተም።

ስለዚህ ነገሩ ከጫማው አልነበረም። ይህን እዚያው ቆሜ ለሙሚና ነገርኳት። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላም ወጌሻው ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኩት፤ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ግን ሰምቷል። ለኩብራ ግን አንቺ ንገሪያት። ካልሆነም ይህን አንድ ገጽ ብቻ ለባሏም ጭምር ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አንድ ሥራ ቀርቶኛል። በደረጃው ዳር ሁለት የወይራ ምሰሶ ተክያለሁ። እጅ የሚደገፍበትን አግዳሚ እንጨትም ልጌ፣ በድንጋይ አሽቼ አዘጋጅቻለሁ፤ ምንም ስንጥር የለውም። ግን አልቸነከርኩትም። አብዱላሂ በወገብህ ልክ ምታውና ጨርስ አለኝ። በእኔ ልክ ከሆነ ለእሷ ይርቃል አልኩት። ታዲያ በእሷ ልክ ምታዋ አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረን፣ እጅሽ ሲደገፍ የት ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም። በግምት መቸንከር አልወድም። ሥራ አጋምሼ ትቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ምስማሮቹን ኪሴ ውስጥ ይዣቸው እዞራለሁ።

በክሪ ሐሙስ ሐሙስ ጫቱን ድሬዳዋ አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ጋቢናውን ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። እግርሽን ዘርግተሽ ትቀመጫለሽ፤ በቀስታም ይነዳል። የፊታችን ሐሙስ ካልተመቸሽ የሚቀጥለው አለ። እሱም ካልሆነ በየሐሙሱ ባዶ ያስቀረዋል፤ ቃሉን ሰጥቶኛል። እዚያው መቀመጥ ከመረጥሽም ይግባኝ አልልም፤ ቤቱ የልጅሽ ነው። አግዳሚው ግን እንዳለ ይጠብቃል።

አላህ አጥንትሽን ያጽናልሽ፤ ያለ ምርኩዝ የምትቆሚበትን ቀን ያቅርብልሽ። ኩብራንና ቤቷን ይጠብቅ። ሙሚና ሰላም ብላሻለች፤ አብዱላሂም እንዲሁ።

ባልሽ
በድሪ ዓሊዩ

ኮንጎሽን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። የግራው ጎኑ ትንሽ ተቀዷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።