ማንም ያልቆመበት ሚዛን

ለባለቤቴ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። አልበላ ያልኩት ምግብህ ስላልጣፈጠኝ አይደለም። ጨው ስለበዛ ወይም ድንቹ ስላልበሰለ አይደለም። አንተን ተቀይሜም አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። ካልገባህ ተመልሰህ አንብበው፤ ከገባህ ቀጥል።

እንዴት ነህ? እንዴት አደርክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ስታንኮራፋ ማደርህን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጉልበትህስ እንዴት ነው? ከወንበር ስትነሳ «ወይኔ» ማለት ከተውክ ሦስት ቀን ሆነህ። ወይ ተሽሎሃል፣ ወይ እኔ እንዳልሰማ ዋጥ እያደረግከው ነው። እኔ ለሰጠኝ ቀን ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ዛሬ ማቅለሽለሹ ፋታ ሰጥቶኛል፤ አንተም መድኃኒት ቤት ሄደሃል፤ እዚያ ያለውን ሰልፍ ስለማውቀው አንድ ሰዓት አለኝ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ደብዳቤ ምን ይባላል ትል ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስትመዝን ኖረህ ጆሮህን ለማሽኑ ትተህለት መጣህ፤ ካልጮኹብህ አትሰማም። እኔ ደግሞ የምጮህበት አቅም አልቆብኛል። ብጮህም ካንተ ቀድማ የምትሰማው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት። ሁለተኛው ምክንያት፣ ፊት ለፊት ስንነጋገር ሁለታችንም እንዋሻለን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ዓርብ ዓርብ የምትመጣው ነርስ የሰጠችንን ወረቀት ታውቀዋለህ። ለቁርስ አንድ ክብ፣ ለምሳ አንድ ክብ፣ ለእራት አንድ ክብ። ክቡ ሳህን ነው፤ የበላሁትን ያህል በእርሳስ አጠቁራለሁ። አንተ ሾርባውን አምጥተህ ለሌላ ሥራ ዞር ስትል ሁለት ማንኪያ እቀምስና ግማሹን አጠቁራለሁ። የከፋህ ሲመስለኝ ደስ እንዲልህ ሦስት ሩብ አደርገዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍልፋይ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ወላጅ ለምኖኝ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቶኝ የአንድ ተማሪ ውጤት በግማሽ ነጥብ አልቀየርኩም። በስተርጅና የራሴን ሳህን አጭበረበርኩ።

የቀረውን ምን አደረግሽው ትለኛለህ። ያቺ ልብስ ሰፊ ድመቷን እንዴት እንደምትወድ ታውቃለህ። ባለፈው በመስኮቱ በኩል ቆማ፣ «እትዬ፣ ይሄ ድመት ሆዱ እንዲህ የተነፋው ምን ሆኖ ነው? አርግዟል እንዳልል ወንድ ነው!» ብላ ስትስቅ፣ አንተ «ሰፈሩ አይጥ በዝቶበታል» ብለህ መለስክላት። አይጥ አይደለም። ያንተ እንቁላል ነው፣ ያንተ ሩዝ ነው፣ ከጠዋት ጀምረህ በቀስታ እሳት ያበሰልከው ዶሮ ነው። እኔ ላይ ያልታየው ሁሉ እሱ ላይ ታይቷል።

አሁን ደግሞ በአፌ ውስጥ የሚሆነውን በትክክል ልንገርህ፤ ጠይቀኸኝ «ደህና ነኝ» እያልኩ ሳልነግርህ ቀርቻለሁና። ማንኪያው ብረት ብረት ይለኛል፤ ከማንኪያው ጋር ሾርባውም፣ ወተቱም፣ ውኃውም ብረት ይሆናል። ሽንኩርት መጥበስ ስትጀምር ጉሮሮዬ እንደ በር ይዘጋል። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ስደርስ ድግስ ውሎ እንደመጣ ሰው ሆዴ ይሞላል። መራብ እንዴት እንደሆነ ረስቼዋለሁ። መብላት እፈልጋለሁ፤ ላንተ ስል እፈልጋለሁ። መፈለጌ ግን እታች አይደርስም።

አንተም ማንኪያውን ይዘህ ትቆማለህ። «ቲቸር፣ አንዷን ብቻ። ይቺ የመጨረሻ ናት» ትላለህ። ከመጨረሻዋ በኋላ ሌላ የመጨረሻ ትመጣለች። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚቆጥር ተማሪ ቢኖረኝ ከግድግዳ ጋር አቆመው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ አምስት «የመጨረሻ» ዋጥኩልህና ሁሉንም እላይህ ላይ መለስኩት። ያኔ ሸሚዝህን እየጠረግክ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ልትገይኝ ነው?» አልክ። ወዲያው ማድቤት ገባህና ቧንቧውን ከፈትክ። አንድ ሳህን ለማጠብ ያ ሁሉ ውኃ አያስፈልግም። ጆሮህ ስለደከመ የሌላውም የደከመ አይምሰልህ።

ወደ ሚዛኑ ልምጣ።

የሆስፒታሉ ሚዛን ተበላሽቶ ነርሷ «አባባ፣ እርስዎ እያሉ ምን ቸገረኝ! ከእርስዎ የተሻለ ማን ይመዝናል?» ካለችህ ጀምሮ የምትመዝነኝ አንተ ነህ። እሑድ እሑድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ ታወጣዋለህ፤ እኔ ትከሻህን ይዤ እወጣለሁ፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ታነባለህ። «አርባ ሰባት!» ስድስት እሑድ ሙሉ አርባ ሰባት። እኔም «እሰይ፣ አልወረድኩም» እላለሁ።

ከአሥር ቀን በፊት ልብስ ሰፊዋ ቀሚሴን ልታጠብብልኝ መጣች። ሜትሯን ወገቤ ላይ ጠመጠመች፤ ፈትታ ደግማ ጠመጠመችው። እሷ ሁለቴ ስትለካ አይተህ ታውቃለህ? «ባለፈው ወር ካጠበብኩልሽ ላይ አራት ጣት ይቀነሳል፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። እኔም አሰብኩ። ወገቤ በአራት ጣት ከቀነሰና ክብደቴ ካልቀነሰ፣ ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱ ተሳስቷል።

በማግስቱ ስትወጣ ጠብቄ ግድግዳውን እየያዝኩ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሚዛኑን ከፎጣው ሥር አወጣሁት። ማንም አልቆመበትም፤ መርፌው ግን ሦስት ላይ ነበር። በአንድ ማስረጃ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ማድቤት ሄጄ ያልተከፈተውን የአምስት ኪሎ ዱቄት እየጎተትኩ አመጣሁ፤ ለመሄድና ለመመለስ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ዱቄቱ ስምንት አለ። አንስቼ ደግሜ አስቀመጥኩት። ስምንት።

ከሥሩ ያለችው ማስተካከያ በራሷ እንደማትዞር አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አስተዳዳሪው ከእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ትንሽ ትንሽ እንድትቀንስ ቢያዝህ፣ «መርፌው ከዜሮ ካልተነሳ እኔም ከቤቴ አልነሳም» ብለህ ሁለት ሳምንት ሥራ ያልገባህ ሰው ነህ። ያን ጊዜ ኮርቼብህ ነበር። ሦስት ላይ የቆመውን መርፌ ሳይ የተሰማኝን ግን ስም ልሰጠው አልቻልኩም። ሚዛኑን ወደ ቦታው መልሼ በፎጣ ሸፈንኩት፤ ትናንት እሑድም ወጥቼበት «እሰይ» አልኩ።

ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። ዶክተሩ አንድ ቀን «ከአርባ አምስት ኪሎ ከወረዱ መድኃኒቱን እናቆማለን፤ ሰውነታቸው አይችለውም» ሲል አጠገብህ ነበርኩ። ሰው ሁሉ የተናገረውን ሦስቴ የምታስደግም አንተ፣ ያን ቀን «እህ?» አላልክም።

ባለፈው ዓርብ ሻይ ልታፈላ ስትሄድ ነርሷን ጠየቅኳት። «ልጄ፣ ለመሆኑ ክብደቴን በየሳምንቱ ለምን ትጽፊዋለሽ?» አልኳት። የመድኃኒቱ ልክ የሚሰላው በእሱ ነው አለችኝ፤ አቅም የሌለው ሰው ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል አለች። ካለፈው የመድኃኒት ዙር በኋላ አፌ ሙሉ ቁስል ሆኖ ዘጠኝ ቀን ከንፈሬን ውኃ በነካ ጥጥ ስታርስልኝ እንደሰነበትክ አስታወስኩ። ቀጥዬ ደግሞ «ጨክኜ ብበላስ እወፍራለሁ?» አልኳት። እጄን ይዛ፣ «እማማ፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ ሥጋዎን የሚጨርሰው በሽታው ራሱ ነው፤ በግድ የገባ ምግብ ያስጨንቅዎት እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ደስ ያለዎትን፣ ደስ ባለዎት ሰዓት፣ ጥቂት ይቅመሱ፤ ይበቃል» አለችኝ። ይህን ቀድሞ ለሁለታችን ማን በተናገረልን! በሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ማድቤታችን ውስጥ መሰቀል ነበረበት።

የፊታችን ሐሙስ ስድስተኛው ዙር ነው። እኔ አልፈልገውም። ተስፋ ቆርጬ አይደለም፤ አስልቼ ነው። የቀረኝን ቀን አፌ ሳይቆስል፣ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ፣ ያንተን የማይረባ ቀልድ እየሰማሁ ማሳለፍ እፈልጋለሁ።

ሌላም ነገር እፈልጋለሁ። አንተ ማድቤት ቆመህ፣ ድስቱን ግማሽ ከድነህ፣ ጀርባህን ሰጥተህ እንደ ሌባ ነው የምትበላው። እኔ በማልበላበት ቤት መብላት አሳፍሮህ ነው። ቀበቶህ ላይ በምስማር የበሳሃቸውን ሁለት ቀዳዳዎች ቆጥሬያለሁ። አንተ የታመምክ ሰው አይደለህም፤ ምን አድርግ ተብለህ ነው የምትከሳው? ጠረጴዛው ጋ ተመለስ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ብላ። ስታኝክ የምታሰማው ድምፅ አርባ ዓመት ሲያናድደኝ ኖሯል፤ አሁን ናፈቀኝ። ለእኔ ከማቀዝቀዣው በረዶ ቤት የወጣ አንድ የብርቱካን ቁራጭ አስቀምጥልኝ፤ ብረት ብረት የማይለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን እየመጠጥኩ አብሬህ እቀመጣለሁ። ሽንኩርቱን የምትጠብሰው ከሆነ ደግሞ በሩን ዝጋ። ትንሿን ድስት ከላይኛው መደርደሪያ አውርደህ እሷን ተለማመዳት፤ ትልቁ ድስት ላንተ ይበዛብሃል።

አንድ የቀረ ኑዛዜ አለኝ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ የምለብሰው ወፍራም ሹራብ ግራ ኪሱ ባዶ አልነበረም። ጡረታ ስትወጣ ከሰጡህ ከነሐስ መመዘኛዎች ሳጥን ውስጥ ባለ አንድ ኪሎውን ወስጄ ነበር፤ «አርባ ሰባት» ስትል ፊትህ የሚሆነውን ለማየት። ያንተ መርፌና የኔ ኪስ ሳይነጋገሩ ለአንድ ቁጥር ሲሠሩ ከረሙ። እንግዲህ አርባ ሰባት ሲቀነስ ሦስት፣ ሲቀነስ አንድ። መልሱን እኔ አልጽፍልህም፤ ለራስህ ሥራው።

ሳጥኑን በየሳምንቱ ማክሰኞ እያወጣህ እንደምትወለውል አውቃለሁ። ዛሬ ልመልሰው ስከፍተው የባለ አንድ ኪሎው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ፣ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። ያንንም ወልውለኸዋል። አንድም ቀን ግን የት ሄደ ብለህ አልጠየቅከኝም።

ይህን ደብዳቤ አጥፌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመመዘኛው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ነገ ስትወለውል ታገኘዋለህ። የወረቀቱን ክቦች በላጲስ አጥፍቼ እንደ እውነቱ ደግሜ አጥቁሬያቸዋለሁ፤ አብዛኛዎቹ ነጭ ናቸው፤ እንዳትደነግጥ። የክብደቱን ቦታ ለአንተ ባዶ ትቼዋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልህ፤ እንጀራህን በሰላም የምትበላበት ዕድሜ ይስጥህ። በሸሚዝህ፣ በዶሮህ፣ በቧንቧው ውኃ ሁሉ ይቅር በለኝ፤ እኔም ለመርፌው ይቅር ብዬሃለሁ።

ረቡዕ ጠዋት መርፌውን ዜሮ ላይ መልሰህ ጥራኝ። ኪሴን ገልብጬ አሳይሃለሁ። ያየኸውን ጮክ ብለህ አንብበው፤ ልብስ ሰፊዋም ብትሰማ ግድ የለኝም። ከዚያ በፊት ግን የሐሙሱ ዙር እንዲቀር እሺ በለኝ። በአፍህ አይደለም፤ በጽሑፍ አድርገውና እዚያው ሳጥን ውስጥ አኑርልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ሐሙስ ሩቅ አይደለምና እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሚስትህ