አውራ ጣትህ ያረፈባት ሳሙና

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጠይብ፣ ማርሴይ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብረውህ የሚያድሩትን ታስጨንቃለህ? የወደቡ ሥራ፣ ብርዱ፣ ራስህ የምትቀቅለው ወጥ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የመጨረሻውን ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ አንተ የሠራኸውን ሠርቶ የሚተኛ ሰው ካለ ዘዴውን ልማር ብዬ ነው። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው፣ እማዬ ደህና ናት፣ በጎቹ ደህና ናቸው፣ ቀንዷ የተሰበረው ፍየል እንኳ ደህና ናት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ እጆቼ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ እስክሪብቶውን በሁለት ጣት ቆንጥጬ ነው የምጽፍልህ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ከመሰለህ ግማሹ የጨርቁ ጥፋት ነው፤ ግማሹ ደግሞ «ወንበሬ ላይ ሙጫ ቀባ» ብለው ከስድስተኛ ክፍል ያባረሩኝ የመምህሬ።

እንግዲህ ተቀመጥና አንብብ። ተናድጃለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ለቀልድ አይደለም።

አንተ በጥቅምት ከሄድክ ወር ሳይሞላ፣ አባባ ነፃነት ባገኘንበት ዓመት የገዟት ግራጫዋ መኪናችን ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። አባባ አየር መዝጊያውን ይስባሉ፣ ቁልፉን ያዞራሉ፣ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ባትሪው ይደክማል፣ እሷ ወይ ፍንክች። አንዴ ከተነሳች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ትሮጣለች። ውስጧ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እማዬ ከገበያ ስትመለስ ራሷን እያመማት ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ታስር ጀመር። ሐሙስ የተሞላው ነዳጅ ሰኞ ጎድሎ ይገኛል። ታዲያ በዚህ ቤት አንድ ነገር ሲጎድል ማን ነው የሚጠረጠረው? እኔ ነኛ! አባባ አንድ ቀን ራት ላይ «ጠይብ እያለ በአንድ ዙር ነበር የምትነሳው። እሱ ሄደና ይሄኛው ቀረ፤ ነዳጁም አብሮ መጥፋት ጀመረ» አሉ። እኔ ኩስኩሴን እየበላሁ ነበር፤ ማንኪያዬን አስቀምጬ ማልኩ።

መሐላ አያድነኝም ብዬ በሽታዋን ልፈልግ ተነሳሁ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሸተትኩ። ዘይቱ ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው፤ ስለዚህ የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ አልተቀደደም፣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ አይወርድም። በማግሥቱ ጠዋት ማንም ቁልፍ ሳይነካ ኮፈኖውን ከፍቼ የካርቡራተሩን ጉሮሮ አየሁ፤ ደረቅ። በቤንዚን ብትታፈን ኖሮ እርጥብ ይሆን ነበር፣ ካንዴላዎቹም ይርሱ ነበር። ከዚያ ፓምፑ ጎን ላይ ያለችውን የእጅ ማንሻ ሃያ ጊዜ ያህል ገፋሁና ቁልፉን አዞርኩ፤ ወዲያው ተነሳች! ገባህ? ቤንዚኑ ሲያድር ከቱቦው እየሸሸ ነው። የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ነዳጅ ያስወጣል፣ አየር ያስገባል። የቀረው ቀዳዳውን ማግኘት ነው። ከእማዬ የእንግዳ ዱቄት ሁለት እፍኝ ሰርቄ (ይህን ሰርቄያለሁ፣ አልክድም) መኪናዋ ሥር ገባሁና በቱቦው መንገድ ላይ እፍ እፍ እያልኩ ነፋሁት። ከኋላ ወንበር በታች፣ ቱቦው ከነዳጅ መያዣው በሚወጣበት፣ ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። እጄን ልሰድ ስል ቁርጭምጭሚቴን ተያዝኩ።

አባባ ነበሩ። እንደ በግ ጎትተው አወጡኝ። ፊቴ ዱቄት፣ ልብሴ ቤንዚን። «እኔ ከላይ ከባትሪ ጋር ስታገል አንተ ከሥር ነዳጅ ትጠባለህ?» አሉኝ። አጎታችን ጀሉል ደግሞ የጥርሳቸውን ፍርስራሽ እያሳዩ «የጠባህበት ቱቦ የታል? ዋጥከው እንዴ?» አሉ። እማዬ ዱቄቱን አይታ «አንተ ልጅ፣ የሰው ፊት የማቀርበውን!» አለች። ቀዳዳ አለ ብል ማን ይስማኝ? ይህ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። በትር ለምጃለሁ። ግን አባባ ዱላውን ጥለው በጣም ቀስ ብለው «ከአባቱ መኪና የሚሰርቅ ልጅ የሰው መኪና ጋ እንዲገባ ቃሌን አልሰጥም» አሉ። ታውቃለህ፣ መካኒኩ ሲ ቡዝያን ከመጋቢት አንድ ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ ሊያስተምሩኝ ነበር፤ አባት ቀርቦ ቃል ካልሰጠ ደግሞ ማንንም አይቀበሉም። እኔ ጠይብ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ የምችለው ነገር አንድ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሰው ማሳቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት እህታችን ኸድራ ላግዋት ከተማ ወንድ ልጅ ወለደችና ለስም ማውጣቱ ተጠራን። በዋዜማው አባባ የመኪናዋን የሥር ጭቃ በሙቅ ውኃ እንዳጥብ አዘዙኝ፤ አጎቴ ጀሉል ወንበር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ። ውኃውን ስደፋ ከኋላ ወንበር ሥር አረፋ ወረደ። ሳሙና አልሰጡኝም፤ አረፋው ከየት መጣ ብዬ ሳቅሁ። ምን ያስቃል!

በነጋታው በረዶው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። እማዬ የቴምር ጣፋጩን ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ወንበር ተቀመጠች። መኪናዋ አልተነሳችም። ሽታው ከበፊቱ አሥር እጥፍ ሆኗል። አጎቴ ጀሉል ግን ከቤት ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዘው መጡ! «ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ሞተር ሽማግሌ ነው፤ እግሩን ስታሞቅለት ይነሳል» ብለው ከሞተሩ ሥር ሰደዱት። የእሳቸው መኪና የናፍጣ ነበረች፤ ናፍጣ ፍም ይታገሣል፣ ቤንዚን ግን ለመንደድ ትነቱ ብቻ ይበቃዋል። ግቢያችን ወደ በሩ እንደሚያዘቀዝቅ ታውቃለህ፤ መኪናዋም ፊቷን ወደዚያው አድርጋ ነው የምትቆመው። ከኋላ የጀመረች ቢጫ መስመር በረዶውን እየሰነጠቀች ወደ ፍሙ ስትወርድ አየሁ። «ቤንዚን! እማዬ ውረጂ!» ብዬ ጮህኩ። አጎቴ ሳቁ። አምና መጸዳጃ ቤት ሳሉ «እባብ!» ብዬ ሱሪያቸውን ሳይታጠቁ ያስሮጥኳቸው ትዝ ይልሃል? «ዛሬ ደግሞ እባቡ ቤንዚን ሆነ?» አሉኝ። እማዬም ከውስጥ «አርፈህ ቁም፣ ዛሬ እንኳ!» አለችኝ። አልወረደችም።

በሁለት እጄ ምድጃውን አንስቼ ወረወርኩት። ከሸክላው የተጣበቀው የመዳፌ ቆዳ አብሮ ሄደ። ፍሙ አጎቴ ለሥራው አውልቀው አጥሩ ላይ በሰቀሉት አዲስ በርኖስ ላይ አረፈ፤ ሦስት ቀዳዳ። አባባ በጥፊ አጮሉኝ። ከዚያ ጎረቤታችን ቃዳ በመኪናው ወሰዳቸውና እኔ ቀረሁ።

ቤቱ ጭር ሲል መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቱቦው ላይ፣ ውኃው ያልደረሰበት የላይኛው በኩል፣ ምን ተለጥፎ አገኘሁ መሰለህ? አረንጓዴ ሳሙና፤ የትናንቱ አረፋ ከእሱ ነበር። ስንጥቁን በሳሙና ደፍነህ፣ በአውራ ጣትህ ጫን ብለህ፣ ማንም ሳያውቅ መርከብህን ተሳፈርክ! ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም፣ ይህ ጎበዝ ያሰኝሃል፤ ዝናብስ? ጭቃስ? የሰርዲን ቆርቆሮ አውራ ጣትህን የቆረጠበት ጠባሳ ሳሙናው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰምሯል። በጥቅምት የእማዬ ሳሙና ሲጠፋ ለእሱም የተገረፍኩት እኔ ነኝ። ለአንዲት ቱቦ መግዣ ጊዜ አጥተህ ነው? ወይስ የመንገድህ ገንዘብ እንዳይጎድል? አባባ እዚያች መኪና ውስጥ ሲጋራ እንደሚያጨሱ አታውቅም ነበር? እናታችን ናት እኮ ከላይዋ የምትቀመጠው!

በነጋታው ሲ ቡዝያን ጋ ሄጄ የቤንዚን ጎማ ቱቦና ሁለት ማጥበቂያ ፋሸታ ወሰድኩ። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቁኝ፤ የዱቄቱን ነገር ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና «አባትህን ይዘህ ና» አሉኝ። የተሰነጠቀውን በጣቶቼ ጫፍ እየያዝኩ ቆርጬ ቀየርኩት። አሁን ውጭው ሁሉ በረዶ ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ትነሳለች፤ ሽታም የላትም። አባባ ምን አሉ? «አያችሁ? ሌባው ሲቀጣ ነዳጁም መጥፋት አቆመ!»

የጠገንኩት ጥገና ሌብነቴን አረጋገጠብኝ። ሳሙናዋን ባሳያቸው «የሠራኸውን በዚያ በሚደክምልን ልጅ ታሳብባለህ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ይባስ ብሎ የኸድራን ሕፃን ጠይብ ብለውታል። በአንተ ስም!

ስለዚህ አሁኑኑ ለአባባ ጻፍ። ስንጥቁን በሳሙና ማን እንደደፈነ፣ መቼ፣ ለምን፣ በራስህ ቃል። ታዲያ እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው እኔ ነኝ፤ «ከራሱ ፈጥሮ ነው» ይላሉ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የፈረሙት በጣታቸው ነው፤ ፊደል ባያምኑ ጣት ያምናሉ። ከደብዳቤው ግርጌ ቀኝ አውራ ጣትህን ቀለም ነክረህ ጠባሳው እንዲታይ አጥብቀህ ተጫን። ከሳሙናዋ ጎን አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ራሳቸው ያያሉ። ከመጋቢት አንድ በፊት ይድረስ።

አባባ ብዙ ሰላም ብለውሃል፤ ስለ አንተ ሲያወሩ ድምፃቸው እንደሚለሰልስ ስጽፍልህ እጄን ያቃጥለኛል። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ ሹራብ ልበስ ትላለች። አጎቴ ጀሉል በቀዳዳው በርኖሳቸው ውስጥ ሆነው ሰላም ይሉሃል። ኸድራም፣ ትንሹ ጠይብም፤ እሱ እስካሁን ምንም አልደፈነም። ፍየሏም።

ሳሙናዋን በጋዜጣ ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አኑሬያታለሁ። ጣትህ በሰዓቱ ከመጣልኝ፣ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ግራሶ የምታጠበው በእሷ ነው፤ ምልክትህም ቂሜም በዚያው አረፋ ሆነው ይሄዳሉ።

ወንድምህ ሚሉድ
አፍሉ፣ ጥር 24 ቀን 1987