ስለ ጥርስ ፍርሃት ማስታገሻው ማስታወቂያ የቀረበ ምስጋና

አሥመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጋሻው፣ የጤና ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ከላይም ከታችም የማይነቃነቅ ጥርስን እመኛለሁ። እኔ የዓባ ሻውል ሰፈር ነዋሪ፣ በዳንስ ቤትና በሠርግ ጥሩምባ እየነፋሁ ቤተሰቤን የማስተዳድር፣ ረዳኢ ወልደትንሣኤ የተባልኩ ሰው ስሆን፣ ጥርሴን ታምሜ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን አፌን አይተው ካርድ ላይ ከጻፉ ወዲህ ሰባት ሳምንት ሙሉ ደጅዎን ስጠና ከርሜአለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ክቡርነትዎ በጥርስ ክፍሉ በር ላይ ያስለጠፉት «ፍርሃትን በተፈጥሮ መንገድ ማስታገሻ» የሚለው ማስታወቂያ ያደረገልኝን ሁሉ ሕዝብ እንዲያውቅልኝ ነው።

በመጀመሪያ ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ በመጻፉ አመሰግናለሁ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ማንበብ ስላልቻሉ፣ ትምህርት ቤት በተማርኩት አማርኛ ተርጓሚ ሆኜ «ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አይደንግጡ» የሚለውን በትግርኛ ባሰማኋቸው ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልደነገጡ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወረፋው ስላጠረልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ወደ ምክሮቹ ልለፍ።

፩ኛ/ «በአፍንጫ በረጅሙ ስቦ በአፍ ቀስ ብሎ መተንፈስ።» ጥሩምባ ነፊ እንደመሆኔ በዚህ የሚበልጠኝ የለም ብዬ አንድ ትንፋሽ ስቤ ሳስወጣው፣ ትንፋሼ ማለቂያ ያጣበት የበሩ ዘበኛ ነፍሴ ልትወጣ መስሎት ደግፎ ወደ ሳንባ ክፍል ወሰደኝ። እዚያ እስከ ቀትር ተመርምሬ ሳንባዬ እንከን እንደሌለበት በማኅተም ተረጋግጦልኛል። የጥርስ ሐኪሙ ግን በዚያ ሰዓት ለምሳ ወጥተው ነበር።

፪ኛ/ «ጤና አዳም የገባበት ትኩስ ነገር መጠጣት።» በሳምንቱ ሦስት ብርጭቆ ሻሂ በጤና አዳም ጠጥቼ መጣሁ። ልቤ በእውነት ረጋ፤ ፊኛዬ ግን አልረጋም። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም ኪስ ውስጥ እንደሚኖር፣ ሹሙም ለስብሰባ ወደ ምጽዋ እንደወረዱ ሲነገረኝ፣ ተራዬን ለኋላዬ ሰው ትቼ በሩጫ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሩጫም ፍርሃትን እንደሚያስረሳ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

፫ኛ/ «የሚወዱትን ሰው አስከትሎ መምጣት።» ስለዚህ ነገር ጎረቤቴን ወይዘሮ ኣብርሄትን አማከርኳቸው። በሰፈራችን ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ አንዱ ተጠርቶ ሌላው ቢቀር ቂም ነውና፣ ረቡዕ ጠዋት አሥራ አራት ጎረቤቶቼ አይዞህ ለማለት «ኣጆኻ፣ ኣጆኻ» እያሉ አጅበውኝ መጡ። ዘበኛው እኔን ብቻ አስገብቶ በሩን ስለዘጋ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወንዶቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በዚያ የምታልፍ አንዲት የማላውቃት ሴት ይህን አየች። ከማልቀስ በፊት ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሆነ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ኋላ የመጣችሁት ለማን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ጥሩምባ ለሚነፋው ለረዳኢ ነው ተብላ ተነገራት። እኔ አፌን ከፍቼ፣ ደረቴ ላይ ጨርቅ ታስሮልኝ፣ ሐኪሙ መሣሪያቸውን ሲያነሡ፣ ያ ጥሩምባ ያስጮኸ አፍ እንዴት ዝም አለ የሚል ሙሾ በስሜ ሲወርድልኝ ሰማሁ። ጨርቁን እንደታሰርኩ ወጣሁ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ካለቀሰችልኝ በኋላ በሕይወት በመገኘቴ ቅር ብሏት ሄደች።

፬ኛ/ «ዓይንን ጨፍኖ የሚወዱትን ነገር ማሰብ።» ጥሩምባዬን አሰብኩ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁምና እውነቱን ልንገርዎ፤ እጅግ ፈርቻለሁ። የፈራሁት መርፌውን ወይም ጉጠቱን አይደለም። ሕመሙ ከየትኛው ጥርስ እንደሚነሣ መለየት አቅቶኛል፤ ጥሩምባው የሚያርፈው ደግሞ በላይኛው የፊት ጥርሴ ላይ ነው። እሱ ከተነቀለ የሃያ ዓመት ሙያዬ አብሮ ይነቀላል። ጥር እየቀረበ፣ ሠርጎቹም እየመጡ ነው፤ እኔ ግን ጥሩምባዬን ከሣጥኑ ካወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ባለቤቴ ሣጥኑን እየወለወለች መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ስለዚህ የትኛው ጥርስ እንደሚነቀል ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ሦስቱንም ጊዜ በጣት የተጠቆመልኝ የማስታወቂያው መጨረሻ ነበር፤ «ስለሚደረግልዎ ሕክምና አስቀድመው አይጠይቁ፤ ማወቅ ፍርሃትን ይጨምራልና» ይላል። ይህን የመሰለ ጥበብ ላፈለቀው ቢሮ ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እኔ ባለማወቅ ሰባት ሳምንት ተረጋግቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ጉንጬ አብጦ፣ እህል ያለጥርስ እንዴት እንደሚዋጥ ተምሬአለሁ። ከዚህ በላይ ብረጋጋ ኖሮ ያቺ ሴት በከንቱ ባላለቀሰች ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማናቸውም ቋንቋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የትኛው ጥርሴ እንደሚነቀል ይነገረኝ።

ያበጠውን ጉንጬን ወደ ክቡር ቢሮዎ አዙሬ፣ ባላበጠው በኩል ብቻ ፈገግ እያልኩ፣ ለሚቀጥለው ማስታወቂያዎ ረጅም ዕድሜ በመመኘት እጅ የምነሣ፣

ትሑት ታካሚዎ ረዳኢ ወልደትንሣኤ

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ይዤ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በጤና ጣቢያዎ የሕክምና ካርዴን ያየ አንድ ሰው አገኘሁ፤ ማን እንደሆነ ጥርሴን ሁሉ ቢነቅሉ አልናገርም። ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን «የፊቱ ጥርስ ጤነኛ ነው፤ የሚነቀለው የኋለኛው መንጋጋ ነው» ብለው ጽፈው ፈርመውበት፣ ካርዱ ሰባት ሳምንት በክቡርነትዎ መሳቢያ ተቆልፎበት ኖሯል። ሰውየው ይህን ነግሮኝ እስኪጨርስ አውቶቡሱ እንኳ አልደረሰም ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ለቅቆኝ ሄዷል።