ስለ ሦስተኛው ድልድይ አሥራ አንድ አምፖሎችና ስለ ወንድሜ ራስ ቅል

ለከተማችን የብርሃንና የውበት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ እንዳይፈዝ፣ እንቅልፍዎም እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ደግሞ ራስ ቅልዎ እንደ ተፈጠረ ሳይሰነጠቅ እንዲቆይልዎ ተንበርክኬ እለምናለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት የጨመርኩት በእኛ ሰፈር በዚህ ወር ሙሉ ራስ ቅል ይዞ ማደር እንደ ቀላል ነገር የማይታይ ስለሆነ ነው።

የምጽፍልዎ ከሦስተኛው ድልድይ ማዶ በአንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ፊደሎቼ ቢወላገዱብዎ አይቀየሙኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኝ እጄን እርስዎ የላኳቸው ደንብ አስከባሪዎች ከክርኔ በታች ሁለት ቦታ ሰብረውታል፤ ጀሶውን ያሰረልኝ ሐኪምም ስብራቱ ንጹሕ መሆኑን አይቶ ተገርሟል። ስለዚህ ሠራተኞችዎ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ መሆናቸውን በመመስከር ልጀምር።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውን እንደ ሆነ፣ እኛ ማታ ማታ ድልድይ የምናበራ አሥራ አንድ ጎረቤታሞች ነን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልሾመንም። መሪያችን ሰፈሩ ሁሉ «ፊውዝ» እያለ የሚጠራው ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ነበር ማለቴ ነው፤ ይህን «ነበር» የሚል ቃል እጄም አፌም ገና አልለመዱትም። ሁለቱን አጫጭር ድልድዮች ባለፈው ዓመት አበራን፤ ዘንድሮ ደግሞ በሆስፒታሉ በኩል ወዳለው ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ረጅሙ ዞርን። በዚያ ድልድይ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ የቀን ሠራተኛ ጉሮሮውን ታርዷል፤ አንዲት ተማሪ ስልኳን አልሰጥም ብላ የፊት ጥርሶቿ በድንጋይ ረግፈዋል፤ አንድ ሽማግሌ ከአጥር ብረቱ በላይ ተወርውረው ጠዋት ከሥር ከድንጋዩ ላይ ተለቅመዋል። መብራቱ ከተሰቀለ በኋላ ባሉት አራት ወራት የፈሰሰ ደም ቢኖር ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን ከበርጩማ ወድቆ አፍንጫውን የነሰረው ብቻ ነው። ይህን የምነግርዎ በጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት ውስጥ ስላላየሁት ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ገመዱ ከየቤታችን ቆጣሪ ይወጣል፤ አምፖሉ ግን ተሰቅሎ ካደረ ስለሚሰረቅ አሥራ አንዳችንም የየራሳችንን አምፖል በካልሲ ጠቅልለን እቤት እናሳድራለን። አመሻሹ ላይ እያንዳንዱ ሰው በርጩማውን ይዞ ወደ ምሰሶው ይሄድና አምፖሉን በማቀፊያው፣ በፖርታላምፓዳው ላይ ያጠብቃል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሆስፒታል ሥራ የምትወጣው ነርስ የመጨረሻዋ ሆና ስትሻገር፣ በየተራ እየፈታን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ወንድሜ ግን እሷን ከእነ ጥላዋ አሻግሮ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ከሁሉም ኋላ ብቻውን ይመለስ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ጽሕፈት ቤትዎ ያለፈቃድ ማብራታችንን ደርሶበት ማመልከቻ እንድናስገባ ስላዘዘን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። አራት ወር ሙሉ ያላየን መንግሥት እንዳለ ያወቅነው ያን ዕለት ነው። የማመልከቻው ቅጽ «የሥራው ዝርዝር» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው፤ ወንድሜም በሁለት መስመር ጽፎ ሊያልፈው ሲል እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በልጅነቴ በጽሕፈቴ ተመስግኜ ያደግሁ ነኝና ለመንግሥት የሚገባ ወረቀት እንዲህ ተዝረክርኮ አይቀርብም ብዬ፣ በማስመሪያና በቀይ ቀለም ሠንጠረዥ አሰመርኩ። የየትኛው አምፖል ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያበራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ፣ ድልድዩ ላይ የትኛው ቦታ ጨለማ እንደሚቀር፣ ነርሷ በየትኛው በኩል እንደምትመጣ፣ ገመዱንና የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ብቻውን የሚቀረው ማን እንደ ሆነ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ወንድሜ አይቶ ሲስቅብኝ ነበር፤ «እታለም፣ ይሄ እኮ ማመልከቻ ሳይሆን የሰርግ ፕሮግራም ነው» ብሎኛል። ያም ሆኖ ተደብቀን የምንሠራው ነገር ስለሌለ ፈረመበት።

ሁለተኛ። ያን ሠንጠረዥ ከፋይል ውስጥ አቧራ እንዲበላው ሳያደርጉ፣ ለሕዝብ አስተያየት በሚል በጽሕፈት ቤትዎ የውጭ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለአሥራ አምስት ቀን ስላስለጠፉልን ውለታዎን መክፈል አይቻለንም። መመሪያው እንዲህ እንደሚል ጸሐፊዎ በደግነት አስረድታናለች። ስማችንና ሰዓታችን ይነሳልን ብለን ለመለመን ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ነበር፤ ሦስት ጊዜም ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኛም አርፈን ተመለስን። ያን ወረቀት በገዛ እጄ ቀድጄ አለመጣሌን ግን እስክሞት ለራሴ ይቅር አልለውም።

ሦስተኛ። አስተያየቱ እስኪሰበሰብ መብራቱ ይጥፋ ተባልን። እኛ ደግሞ ውሳኔው እስኪመጣ ይብራልን ብለን በማግሥቱ እንደ ወትሮው ወጣን። ደንብ አስከባሪዎችዎ በሁለት መኪና መጥተው አሥራ አንዱንም አምፖል በዱላ አንድ በአንድ አፈረጡልን፤ ስባሪው በፀጉራችን ውስጥ ሲረግፍ «በጨለማ አርፋችሁ ብትቀመጡ ማን ይነካችሁ ነበር!» እያሉ መክረውናል። ዳቦ ጋጋሪውን ወገቡን፣ እኔን ክንዴን፣ ወንድሜን ጀርባውን ብለውት፣ በርጩማዎቹንም ሰባብረው ወደ ወንዙ ጣሉ። አለቃቸው ሲሄድ የተሰባበረው ጠርሙስ ለእግረኛ አደገኛ ስለ ሆነ እንድንጠርገው አዘዘን። በአንድ እጄ ጠረግሁ።

አራተኛ። ይህንን በቀስታ ልጽፈው ተገድጃለሁና ይታገሡኝ። መብራት ቢጠፋም ነርሷ ሥራዋን፣ ወንድሜም ነርሷን መጠበቁን አላቆሙም። ማስታወቂያው በተለጠፈ በዘጠነኛው ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ልክ ሠንጠረዡ በሚለው ሰዓት፣ ሠንጠረዡ ጨለማ ነው በሚለው ቦታ፣ ሦስት ሰዎች ቆመው ጠበቋቸው። የነርሷን ጉንጭ ከጆሮዋ እስከ ከንፈሯ በቢላ ተረተሩት። ወንድሜ የአንዱን እግር ጥርሱን ነክሶ ይዞ እሷን «ሩጪ!» አላት፤ እግሩን እንዲለቅ በፌሮ ብረት ራሱን ደጋግመው መቱት፤ አለቀቀም፤ ጣቶቹንም መቱ። ከዚያ በኋላ ለቀቀ። ቦርሳውንና ገመዱን ይዘው ሄዱ። ነርሷ ሸሽታ ስታበቃ ተመልሳ መጣች። ደሙ ከየት እንደሚፈስ ለማየት መብራት ስላልነበረ ቁስሉን በጣቷ እየዳሰሰች ፈለገችው፤ አጥንቱ የተሰረጎደበትን ቦታ ያገኘችው ጣቷ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ጩኸቷን ሰምቶ የስልኩን መብራት እያበራ እስኪደርስ በመዳፏ ደፍና ይዛው ነበር። ወንድሜ አራት ቀን ቆይቶ ሞተ። በአራቱም ቀን ማንንም አላወቀም፤ እናታችንን ጭምር።

ከሦስቱ ሁለቱ ተይዘዋል። መርማሪው ሰዓቱንና ቦታውን እንዴት አወቃችሁ ብሎ አንዱን ሲጠይቀው፣ «በር ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ? ደግሞ ጽሑፉ በደንብ ይነበባል» ብሎ መልሷል። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ስለ ጽሕፈቴ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ የመጨረሻውን ግን ከወንድሜ ገዳይ አፍ፣ በመርማሪው ጠረጴዛ ፊት ተቀበልኩ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው እንዳልል ያ ቀይ መስመር በሄድኩበት ሁሉ ይከተለኛል። እኔ የእኔን ድርሻ ተቀብያለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ ግን አንድም ሰው መጥቶ ሲወስድ አላየሁም።

አምስተኛ። ወንድሜ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ በስሙ የተላከ ደብዳቤ ደረሰን። ማኅተሙ የሚያምር፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። አመልካቹ በተቀጠረበት ቀን ቀርቦ ማብራሪያ ባለመስጠቱ ጥያቄው ውድቅ መደረጉን፣ ቅር ካለውም በአሥር ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ይገልጻል። መብቱን ስላስታወሱለት እናመሰግናለን። የተቀጠረበትን ቀን ቆጥሬ አየሁት፤ እኔና እናቴ አስከሬን ክፍል ውስጥ ልብሱን ለመቀየር ስንታገል፣ አንገቱ አልታጠፍ ብሎን ሸሚዙን ከጀርባው በመቀስ ስቀድድ የነበረበት ረፋድ ነው። እኔ ልብስ በመስፋት እንጀራዬን የምበላ ሰው የገዛ ወንድሜን ሸሚዝ ስቀድድ፣ እርስዎ እሱን በቀጠሮው ሰዓት ሲጠብቁት ነበር። ሰዓት አክባሪነትዎ የሚመሰገን ነው።

ስድስተኛ ብዬ የምቆጥረው ብዙ ነበረኝ። አሥራ አምስቱ ቀን ካለፈ በኋላም ወረቀቱ ከሰሌዳው ላይ አለመነሳቱን፣ የነርሷ ጉንጭ አሥራ ዘጠኝ ስፌት መሰፋቱን፣ ምክትልዎ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ስለ ደንቡ ንግግር አድርገው መሄዳቸውን ላነሳ አስቤ ነበር። አሁን ግን እጄ ደከመ፤ ንዴቴም ከጨዋነቴ ጋር መደባደብ ጀምሯል። ስድቡን እዚያው ልዋጠውና ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ።

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ዛሬ፣ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ በሚታተምበት ቀን፣ ፀሐይ እንደ ገባች የተረፍነው አሥራችን ወደ ሦስተኛው ድልድይ እንወጣለን። አዲስ አምፖል አለን፤ በርጩማም ተውሰናል። ነርሷ ጉንጯን እንደ ታሸገች በሰዓቷ ትሻገራለች። ፈቃድ የለንም፣ አናመለክትም፣ ዝርዝርም አንሰጥም። ትናንት ጽሕፈት ቤትዎ የሚያበራ ሰው ቢገኝ አስፈላጊው እርምጃ እንደሚወሰድ በድምፅ ማጉያ አስነግሯል፤ አስፈላጊ የሚባለው እርምጃ ስንት አጥንት እንደሚያስከፍል ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ በግልጽ ተግባብተናል ብዬ አምናለሁ። እኔ በበኩሌ የቀረችኝን ግራ እጄን ይዤ እመጣለሁ። ሰዎችዎን ከላኩ ይላኩ፤ ባይልኩ ደግሞ አንዲት ሴት ፊቷ ሳይተረተር ቤቷ ትገባለች። የምጠይቅዎ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ውሳኔውን በራስዎ ስምና ፊርማ እንዲያወጡት ብቻ ነው። «መመሪያው ነው» የሚል ሰው ከአሁን በኋላ ፊቴ እንዳይቆም።

ለሰጡን ብርሃን፣ ላሳዩን ውበት፣ ላስተማሩን ሕግ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት ዳግመኛ እየገለጽኩ፣ በሚሻገሩበት ሁሉ ከፊትዎም ከኋላዎም መብራት እንዳይጠፋ፣ ልጆችዎም ማታ ማታ በሰላም ቤት እንዲገቡልዎ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ ያልሆንኩ፣
የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ታላቅ እህት፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የወንድሜን ቦታ ዛሬ ማታ የምትተካው እናታችን ናት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተይ ብለን ብንለምናት «እናንተ እሱን መቼ ተው አላችሁልኝ?» ብላ በርጩማዋን አነሳች። ለሠራተኞችዎ እንዲቀልላቸው አስቀድሜ ላሳውቅ፤ ቁመቷ አጭር ስለ ሆነ ዱላውን ብዙ ከፍ ማድረግ አያስፈልጋቸውም። ራሷን ለመከላከል እጇን ታነሳለች ብለውም አይስጉ፤ አምፖሉ እንዳይወድቅባት በሁለት እጇ ነው የምትይዘው።